ለአንድ ቀን ዶሮ የወር ራሽን አይሸጥ

ውድ ተማሪዎችና የተከበራችሁ ወላጆች፣

በዚህ አምድ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ትምህርትና ስለ ፈተና ነው። ዛሬ ግን ስለ በዓል ወጥ ልጽፍላችሁ ተነሥቻለሁ። «አስተማሪን ከድስት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚያገናኘኝ ነገር አለ፤ እሱም የሚጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

በ2017 ዓ.ም. የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በማስተምረው የአማርኛ ክፍል ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። «የገና ዕለት ቤታችን ምን በላን?» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ድርሰት ጽፈው እንዲመጡ ነበር ያዘዝኳቸው። እኔ በልጅነቴ እንዲህ ያለ ድርሰት መጻፍ ደስ ይለኝ ስለነበር፣ እነሱም ይደሰታሉ ከማለት በቀር ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከበዓሉ በኋላ ወረቀቶቹን ሰብስቤ ሳነብ ሁሉም ማለት ይቻላል «ዶሮ ወጥ በላን» ብለው ጽፈዋል። አንዱ ልጅ ወጡ ውስጥ ድንችና ጎመን እንደነበረበት ገልጿል። አንዷ ደግሞ እናቷ በአሥር ደቂቃ ሠርታ እንዳቀረበችላቸው ጽፋለች። ዶሮ ወጥ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ፣ ልጆቹ ያልበሉትን እንደጻፉ ወዲያው ይገባዋል። አንድ ተማሪ ግን ወረቀቱን ባዶውን መለሰልኝ። ስሙንና ቀኑን ብቻ ነበር የጻፈበት።

ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን ቆይቼ የሰማሁት ነው። ከተማሪዎቼ አንዷ ሁለት ቅዳሜ ተከታትላ ቀረች። ቤቷ ሄጄ ብጠይቅ እናትየው መጀመሪያ «ትንሽ አሟት ነው፣ መምህር» አሉኝ። ቡና አፍልተው ስንጫወት ነው እውነቱን ያወጡት። ልጅቷ «አስተማሪያችን ስለ በዓል ምግብ ጻፉ ብሎናል፣ እኔ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላ ብታለቅስባቸው፣ የወሩን ማሽላና ዘይት ሸጠው ዶሮና ቅቤ ገዙ። በዓሉ በአንድ ቀን አለፈ። ራሽን የሚታደለው ግን ወሩ ሲሞላ ነው። የቀሩትን ሳምንታት በቀን አንድ ጊዜ እየበሉ፣ እሱንም ከጎረቤት እየተበደሩ ነበር የገፉት። ልጅቷ የቀረችው በባዶ ሆዷ ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይ መሄድ ስላቃታት ነው። እናትየው አንዲት የወቀሳ ቃል አልሰነዘሩብኝም። «ልጄ ከጓደኞቿ እንዳታንስ ብዬ ነው» ብቻ አሉኝ። ያፈሉልኝን ቡና እንዴት እንደጠጣሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ጽሑፍ ሳስበው ቆይቻለሁ። የምለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ለአንድ ቀን ዶሮ ተብሎ የወር ራሽን መሸጥ የለበትም። ለልጆቻችን ከበዓል ምግብ የምናወርሳቸው ዋናው ነገር የአሠራሩ እውቀት ነው። ዶሮው ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘም ባለው እህል ማስተማር ይቻላል።

«በዓል በዓመት አንዴ ነው»

ይህን የሚሉኝ ወላጆች አሉ፤ ስሜታቸውም ይገባኛል። ይህ የካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ፣ አገራቸውን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ልጆች አሉን። ኡጋሊና ቻፓቲ ከእንጀራ እኩል፣ አንዳንዴም አብልጠው ይወዳሉ። ስለዚህ አንዲት እናት «በዓል እንኳ ለልጄ እንደ አገሩ ይሁንለት» ብትል ማንም ሊፈርድባት አይገባም።

ይሁን እንጂ ቆም ብለን እንቁጠር። እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ ገና አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ፋሲካ አለ። ለሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ አሉ። ስለዚህ በዓል በዓመት አንዴ አይደለም። በእያንዳንዱ በዓል ራሽን የሚሸጥ ቤተሰብ አንዱን ዕዳ ሳይከፍል ሌላው ይደርስበታል።

በዚህ ላይ የገበያውን ነገር እንይ። በዓል ሲቃረብ ሁላችንም እህልና ዘይት ይዘን ስለምንወጣ የእህሉ ዋጋ ይወርዳል። ሁላችንም ዶሮ፣ ሽንኩርትና ቅቤ ስለምንፈልግ የእነሱ ዋጋ ይወጣል። የራሳችንን በርካሽ ሸጠን የሰውን በውድ እንገዛለን ማለት ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ያንኑ የሸጥነውን ማሽላ ከዚያው ነጋዴ ከሸጥንበት ዋጋ በላይ አውጥተን እንገዛለን፤ ገንዘብ ካጣንም በዱቤ እንወስዳለን። ይህ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ራሽን ከቀድሞው እየቀነሰ መምጣቱንም ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። እያወቅን የምናደርገው የልጅ ዓይን ስለሚከብደን ነው። የልጅን ዓይን እንዲህ ካከበዱት ሰዎች አንዱ ደግሞ እኔ ነኝ።

ዶሮ ወጥ መብላትና ዶሮ ወጥ ማወቅ

እኔ ራሴ ዶሮ ወጥ እየበላሁ ያደግሁ እንጂ ሲሠራ እያየሁ ያደግሁ ሰው አይደለሁም። እናቴን ተከትዬ ማጀት ብገባ «ወንድ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል? ውጣ!» ብላ ታባርረኝ ነበር። የእኔ ድርሻ አባቴ ሲያርድ የዶሮውን እግር መያዝና ሲቀርብ መብላት ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ስሰደድም ይህንኑ አለማወቄን ይዤ መጣሁ።

እዚህ በደረስኩ በመጀመሪያው ፋሲካ አራት ወንደላጤዎች ገንዘብ አዋጥተን አንድ ዶሮ ገዛን። ማረዱንስ አረድነው። ብልቱን ማውጣት ግን አንዳችንም አናውቅም። በቢላዋ ከታትፈን ከነስብርባሪ አጥንቱ ድስት ውስጥ ጨመርነው። ሽንኩርቱን፣ ዘይቱን፣ በርበሬውንና ውኃውን በአንድ ላይ ከተትን። ከሥሩ አረረ፣ ከላዩ ውኃ ሆነ። ሽታው የጠራቸው አንዲት ጎረቤታችን ብቅ ብለው ድስቱን ገለጥ አደረጉና «ልጆቼ፣ ይኸማ በርበሬ የገባበት ሾርባ ነው!» ብለው በሳቅ ሞቱ። በሚቀጥለው በዓል ገና ሳይነጋ ጠርተው ሽንኩርት ሊያስከትፉን አስቀመጡን። የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

ለማያውቁ ተማሪዎቼ ልንገራችሁ። ዶሮው በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል። ከዚያ በየመገጣጠሚያው እየተለየ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣለታል። ብልት ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በድሮ ጊዜ የአንዲት ሙሽራ ባለሙያነት የሚለካው በዚህ ነበር ይባላል። አሥራ ሁለት መሆኑን የሐዋርያት ምሳሌ ነው የሚሉም አሉ። ሽንኩርቱ ደቅቆ ተከትፎ መጀመሪያ ያለ ዘይት በደረቅ ድስት ይቁላላል። ውኃውን ሲጨርስ ዘይቱ ወይም ቅቤው ይገባል፤ ቀጥሎ በርበሬው። በርበሬው እንዳያር ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገለት፣ ማማሰያ ከእጅ ሳይለይ፣ ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው ድረስ ይበስላል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገብቶ ሲዋሐድ ብልቱ ይጨመራል። መጨረሻ ላይ መከለሻው ይነሰነስና፣ ተቀቅሎ የተላጠው እንቁላል ወጡ እንዲገባበት በቢላዋ ጫር ጫር ተደርጎ ይገባል። ሲቀርብ ፈረሰኛው ለአባወራው ይወጣል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በአሥር ደቂቃ የሚሠራ ሰው የለም። ሽንኩርቱ ብቻ ስንት ከሰል እንደሚፈጅ ከቱርካና ሴቶች ከሰል የምትገዙ እናቶች ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን ግን አያውቁትም። ምክንያቱም ያኔ «ከጭሱ ራቁ፣ ውጪ ተጫወቱ» እያልን እናባርራቸዋለን፤ ሲበስል ብቻ እንጠራቸዋለን። እናቴ በእኔ ላይ እንዳደረገችው ማለት ነው። ራሽን ተሽጦ የተገዛው ዶሮ ተበልቶ ሲያልቅ በልጁ ዘንድ የሚቀረው የአንድ ቀን ጥጋብ ብቻ ነው። ነገ እናቱ ከጎኑ በማትኖርበት አገር፣ ዶሮው ሞልቶ ተርፎ እያለ፣ እሱም እንደኛ የበርበሬ ሾርባ ሲሠራ ይገኛል።

ባለው እህል

ባዶ ወረቀት የመለሰልኝን ተማሪ ረስቼው አላለፍኩም። ለብቻው ጠርቼ «ለምን አልጻፍክም?» አልኩት። «ሽሮ ነው የበላነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «እንዴት ነው የተሠራው?» ብዬ ብጠይቀው ቀስ በቀስ ይነግረኝ ጀመር። ከራሽን የተገኘውን ክክ እሱና እናቱ ቁጭ ብለው እንደሚለቅሙት፣ እናቱ ታጥቦ የደረቀውን ክክ ምጣድ ላይ እንዳያር እያገላበጠች እንደምታምሰው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ደርቆ ከበርበሬና ከጨው ጋር እንደሚገባበት፣ እሱ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት እንደሚወስደው፣ ሌላ እህል እንዳይቀላቀልበት ተራውን ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ለበዓሉ ዕለት ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቶ ሽሮው ሲንተከተክ ክዳኑ ላይ እንደሚረጭ አንድ ሳያስቀር ተረከልኝ። «ይህንኑ ጻፈው» አልኩት። ጽፎ መጣ። በዚያ ዓመት ካነበብኳቸው ድርሰቶች ሁሉ የበለጠው እሱ ነው፤ የሚያውቀውን ነዋ የጻፈው!

ሽሮ ድሮም የበዓል ዋዜማና የጾም ወራት ምግብ ነው። ከገና በፊት 43 ቀን፣ ከፋሲካ በፊት 55 ቀን ስንጾም ያኖረን ሽሮና ክክ ነው። ዛሬ በሥጋ ፋንታ በበዓል ቀን ቢቀርብ የሚያሳፍር ምን ነገር አለው? እንዲያውም አንድ የሚያስመሰግነው ነገር አለ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ፣ በሥጋ በዓል ጎረቤታማቾች በአንድ ማዕድ መቀመጥ ይቸግራቸዋል። በወሎ አንዱ ሌላውን ሲጋብዝ ለእንግዳው ለብቻ በራሱ ወገን ሰው ያሳርድለታል፤ መልካም ልማድ ነው፤ ግን አቅም ይጠይቃል። ሽሮና ክክ አልጫ በቀረበበት ማዕድ ግን ማንም ሳይሳቀቅ እጁን ይሰዳል። እዚህ ተጠጋግተን ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንጀራውም እንዲሁ ነው። ጤፍ እዚህ ድረስ ሲመጣ ዋጋው የማይቀመስ ነው። የማሽላ እንጀራ ግን ስደት ያመጣብን ምግብ አይደለም፤ በወሎና በሐረርጌ ቆላ፣ በሌላውም ሞቃት አገር ሰው ተወልዶ የሚያድግበት ነው። ዋናው አያያዙን ማወቅ ነው። ደጋ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ በዚህ በካኩማ ሙቀት አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ይመርራል። አብሲት ካልተጣለለት ደግሞ ዓይን አያወጣም፣ ይሰባበራል። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ በውኃ ይበስልና ተመልሶ ሲቀላቀል ነው የማሽላው እንጀራ ተያይዞ የሚወጣው። ቶሎ ስለሚደርቅም ለበዓሉ የሚጋገረው በዕለቱ ቢሆን ይመረጣል። የስንዴ ዱቄት የተገኘ እንደሆነ ድፎ ዳቦም አይቀርም። ኮባ ቅጠል ባይኖር ብረት ድስት ዘይት ተቀብቶ፣ ክዳኑ ላይ ፍም ተደርጎ ከላይና ከታች ሲነድበት ደህና አድርጎ ይበስላል። ዳቦ በተቆረሰበት፣ ቡና በፈላበት ቤት በዓል የለም የሚል ሰው ካለ እስቲ ይምጣና ይንገረን።

የዶሮ ቅርጫ

«እንግዲያው ዶሮ ጭራሽ አይበላ ልትል ነው?» እንዳትሉኝ። አቅም ያለው ይብላ፤ ከዘመድ ገንዘብ የተላከለትም ደስ ብሎት ይብላ። አቅም ለሌለን ግን ከአገራችን ይዘነው የመጣነው አንድ ዘዴ አለ፤ ቅርጫ ይባላል። ብቻውን በሬ መግዛት የማይችል ሰው ከጎረቤቶቹ ጋር አዋጥቶ ይገዛል፤ ሥጋው በመደብ ተደልድሎ በዕጣ ይከፋፈላል። በበሬ የሠራ ነገር በዶሮ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አለው። አራት ቤት ቢካፈለው ለየቤቱ ሦስት ሦስት ብልት ይደርሳል። አሥራ ሁለት እንቁላል ሲጨመርበት ሦስት ሦስት እንቁላል ነው። የከሰሉም ወጪ ከአራት ምድጃ ወደ አንድ ምድጃ ይወርዳል። ለአንድ ቤት ራሽን የሚያሸጠው ዶሮ ለአራት ቤት ሲካፈል ከእያንዳንዱ ትንሽ መዋጮ ብቻ ይጠይቃል። በየሳምንቱ ጥቂት ሽልንግ ቢጠራቀምለት ደግሞ በዓሉ ሲደርስ ማንም አይጨነቅም።

በዚህ መልክ ሲሆን አንድ ሌላ ችግርም ይቃለላል። በልማዳችን ሴት ዶሮ ስለማታርድ፣ አባት በሌለበት ቤት ያሉ እናቶች በዓል በመጣ ቁጥር የሚያርድላቸው ወንድ ፍለጋ በየደጃፉ ይዞራሉ። ብቸኝነታቸው በዚያ ቀን ይበልጥ ይሰማቸዋል። አራቱ ቤት አንድ ላይ ሲሠራ ግን ከመካከላቸው ሰው አይጠፋም። ከፍ ከፍ ያላችሁ ወንድ ተማሪዎችም፣ እስኪለምኗችሁ ሳትጠብቁ በማለዳ ወጥታችሁ «እማማ፣ የሚታረድ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትመረቃላችሁ።

ማጀትም ክፍል ነው

የአማርኛ አስተማሪ እንደመሆኔ አንድ ነገር ልጨምር። ባለፈው ጊዜ በክፍል ውስጥ «አብሲት ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ ከሠላሳ ልጆች እጁን ያወጣ አንድ ብቻ ነው። «አክንባሎ» ስል ሳቁ፤ የሰው ስም መስሏቸዋል። በእኛ ቋንቋ ሽንኩርት ይቁላላል፣ ቡና ይቆላል፣ ክክ ይታመሳል፣ ሽሮ ይንተከተካል፣ ሊጥ ይቦካል፣ አብሲት ይጣላል፣ ዱቄት ይነፋል። ልጆቻችን ግን ለሁሉም «መሥራት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው ያላቸው። እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እነዚህን ቃላት መቶ ጊዜ ብጽፍ አይያዙላቸውም። አንድ ቀን ምድጃ አጠገብ ቢውሉ ግን ሳይሸመድዱ ያውቋቸዋል። ለዚህ ትምህርት ክፍያ የለውም፤ ዶሮም አያስፈልገውም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለበዓል ብላችሁ ራሽን አትሽጡ፤ ልጅ ቢያለቅስም እውነቱን ንገሩት፤ ልጅ ከምናስበው በላይ ይረዳል። ሁለተኛ፣ ሥጋ ካማራችሁ ከጎረቤት ጋር ተቃረጡ። ሦስተኛ፣ የምትሠሩት ምንም ይሁን ምን ወንዱንም ሴቷንም ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ሽንኩርት ይላጥ፣ ክክ ይልቀም፣ ጨው ይቅመስ። ቢያበላሽ ታገሡት፤ እኔ ያበላሸሁትን ታውቁታላችሁና።

ተማሪዎች ሆይ፣ ያንን ርእስ ሰርዤዋለሁ። ከእንግዲህ ከበዓል በኋላ «ምን በላችሁ?» ብዬ አልጠይቃችሁም፤ እናንተም እርስ በርሳችሁ እንዲህ እየተባባላችሁ አትጠያየቁ። የሚመጣው በዓል የቤት ሥራችሁ «በቤታችን አንድ ምግብ እንዴት ይሠራል?» የሚል ነው። እናታችሁ፣ አባታችሁ፣ አያታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ሲሠሩ አጠገባቸው ሆናችሁ፣ የእያንዳንዱን ሥራና ዕቃ ስም በአማርኛ እየጠየቃችሁ ጻፉ። ዶሮም ይሁን ሽሮ፣ ድፎ ዳቦም ይሁን ንፍሮ፣ ማርክ የምሰጠው ለአሠራሩ ነው። ጎላ ያሉት በዚህ መጽሔት እንዲወጡ ለአዘጋጆቹ አቀርባለሁ።

ዶሮና ቅቤ ገዝተው የተራቡትን እናት ደግሞ በዚህ ገጽ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጅዎ አሁን ሳትቀር ትማራለች። ሽሮ አሠራሩን ከማንም በላይ የሚያውቁ እርስዎ እንደሆኑ ነግራኛለችና፣ የሚቀጥለውን ድርሰቷን በጉጉት እጠብቃለሁ።

መልካም በዓል!